የጣና አሳ ለአዲስ አበባ ሆቴል፦ ገንዘቡን ማን ይሸከም?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆቴል በሳምንት ሁለቴ የቆሮሶ አሳ ፊሌቶ (አጥንቱ የወጣለት ሥጋ) አቅርቢልን ብሎኛል። አስጋሪዎቹ ጠዋት ሐይቁ ዳር እጅ በእጅ ካልከፈልኩ አይሰጡኝም፣ ሆቴሉ የሚከፍለው በወር መጨረሻ ነው፣ መሃል ላይ እኔ፣ አሳ አጽጂዎቹና ባለመኪናው አለን። እንዴት ነው የሚሠራው? መንገድ ላይ ቢበላሽስ ኪሳራው የማን ነው?

የወደብ ልጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሂሳቡን በፊሌቶ ሥሪው። ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ሲሶ ገደማ ነው፤ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ማለት ሦስት ኪሎ አሳ ነው፣ በላዩ የአጽጂ፣ የበረዶና የመኪና አለ። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዋን ብር ሳታዪ 8 ጭነት ያህል ከኪስሽ ይወጣል። ያን ካልያዝሽ አትጀምሪ። አስጋሪውን አትቀየሚው፣ እሱም የመረብና የነዳጅ ዕዳ አለበት። ከአስጋሪዎች ማኅበሩም ከግለሰብም ውሰጂ፤ ማዕበል ያለ ቀን ሁሉም ላይወጣ ይችላል።

ሼፉ፦ እኔ በገዢው በኩል ነኝ። ዘግይተን እንከፍላለን፣ አልዋሽም። ግን አዲስ አቅራቢ ሁሉ አንድ ወር ሲባል ዝም ብሎ ይቀበላል! በየርክክቡ ግማሹን ክፈሉኝ በይ። ሁዳዴ ላይ አሳ ስለሚፈለግ ያኔ እጅሽ ይበረታል።

የጎጃም መስመር፦ የኪሳራው ነገር በርክክብ ቦታ ነው የሚወሰነው። ሆቴሉ ባሕር ዳር ላይ ከተረከበ መንገዱ የእሱ ነው፣ በሩ ላይ ከሆነ ያንቺ። ውሉ ላይ ይጻፍ። በደብረ ማርቆስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ፊሌቶውን በላስቲክ ጠቅልለሽ በረዶውን ከአሳው ክብደት እኩል አድርጊ፣ የቀለጠው ውሃም መውጫ ይኑረው። ሹፌሩ የጫነበትን ሰዓት ይፈርም። አለበለዚያ ሲሸት ሁሉም "እኔ ጋ ደህና ነበር" ይላል።

ጀማሪዋ፦ እሺ፣ ግማሽ ክፍያውን ነገ እጠይቃለሁ። ባዶ ሳጥኖቹስ?

የጎጃም መስመር፦ ከሆቴሉ መያዣ ብር ተቀበዪ፣ ካልሆነ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ይቀራሉ። ታጥበው ይመለሱ ብለሽም ጻፊ። አሳ አሳ የሚሸት ሳጥን ሹፌር አይጭንልሽም።