«አማካሪ» ምን ያህል ሥልጣን ይይዛል?

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ አንድ መሥሪያ ቤት የአማካሪ ኮሚቴው አባል እንድሆን ደብዳቤ ጽፎልኛል። ፒያሳ ካፌ ተቀምጬ ደጋግሜ ሳነበው፣ ኮሚቴው በተራ ቁጥር 2 «ያማክራል»፣ በተራ ቁጥር 5 «ይወስናል» ይላል፤ ሁለቱንም በእርሳስ አስምሬባቸዋለሁ። አማካሪ እንዴት ይወስናል? ደግሞስ «ሐኪም አማከርሁ» ስል ምክር ፈላጊው እኔ ሆኜ ሳለ፣ «አማካሪ» ምክር ሰጪው የሆነው እንዴት ነው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ከኋለኛው ልነሣ። «መከረ» ምክር ሰጠ፣ «ተማከረ» ከሌላው ጋር ሐሳብ ተለዋወጠ፣ «አማከረ» ደግሞ ምክር ጠየቀ ማለት ነው። በእርባታው ከሄድን ሰጪው «መካሪ» ነው፤ «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ» የሚለውም ተረት ቃሉን የያዘው በዚሁ ፍቺ ነው። የቢሮው ቋንቋ ግን «አማካሪ»ን ለሰጪው አውሎት ጸንቷል፤ «መካሪ» የወላጅና የሽማግሌ ቃል ሆኖ ስለቀረ ይመስለኛል።

የሚያሳስበኝ ግን «ይወስናል» የሚለው ነው። መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ሲያቋቁም ሥልጣኑን የሚያገኘው ከማቋቋሚያ አዋጁ ወይም ከደንቡ ነው፤ ሕጉ «ሊያቋቁም ይችላል» ካለ ፈቃድ፣ «ያቋቁማል» ካለ ግዴታ ነው። በሁለቱም ግን የማቋቋም ሥልጣን የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ኮሚቴው አማካሪ ስለተባለ ብቻ የመወሰን ሥልጣን አይተላለፍለትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎች ሕግም፣ ሌላ ሕግ ወይም የፕሬዚዳንቱ መመሪያ በተለይ ካልደነገገ በቀር፣ እነዚህን ኮሚቴዎች በማማከር ተግባር ብቻ ይገድባቸዋል።

ለዚህ ሥራ አማርኛችን «የውሳኔ ሐሳብ» የሚል ሐረግ አለው፤ ባለቤቱ ቃል «ሐሳብ» ነው፣ «ውሳኔ» ዘርፉ ብቻ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተቋቋመው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ 11 አባላት አሉት፣ ሰብሳቢውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው፤ እንዲህ ከብዶ ሳለ እንኳ፣ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልጋል ብሎ ሲያምን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ምክር ቤቱ ነው። ቃለ ጉባኤ ስጽፍ «ተወሰነ» እና «የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ» የተምታቱበት ገጽ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ በኋላ ማን እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ጠፋ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ኮሚቴው የተቋቋመበት አንቀጽ በደብዳቤው ላይ እንዲጠቀስና ተራ ቁጥር 5 «የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል» ተብሎ እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቁ።