ልደት ለምን ታኅሣሥ 29፣ ለምንስ አንዳንዴ 28? የቀኑ አመጣጥና ስሌቱ

ሰላማዊት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ልደት ቀን ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ሦስቱም የተያያዙ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ወንጌል ቀኑን አይነግረንም፤ ታዲያ ታኅሣሥ 29 ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ዲሴምበር 25 የሮማውያን የፀሐይ አምላክ በዓል ስለነበረ ቤተ ክርስቲያን ወረሰችው ይባላል። እውነት ከሆነ የእኛም ቀን ከዚያው የተቀዳ ነው ወይስ የራሱ ምንጭ አለው? ሦስተኛ፣ በየአራት ዓመቱ ልደት ታኅሣሥ 28 ሲውል ጥምቀት ከጥር 11 ንቅንቅ የማይለው ለምንድን ነው? ስሌቱን የሚያውቅ ሰው ደረጃ በደረጃ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

መጥቅዕ፦

ከሦስተኛው ልጀምር፤ እሱ ሲፈታ የመጀመሪያውም ግማሹ ይፈታል።

መነሻው ብሥራት፣ መልአኩ ማርያምን ያበሠረበትና ጌታ የተፀነሰበት ዕለት፣ መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር አለ፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 270 ይመጣል። መሐል ላይ ጳጉሜን 5 ቀን ስትጨምር 275 ይሞላል። ጌታ በድንግል ማርያም ማኅፀን የቆየው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው የሚባለው ይህ ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው 276 ይሆናል፤ 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ያርፋል። በዓሉ ቁጥሩን ይዞ ስለሚቆም በ28 ይከበራል።

የትኛው ዓመት እንደሆነ ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪና ለ4 አካፍዪ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 2016ን ብንወስድ ድምሩ 7516 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ ቀሪ የለውም። ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ልደትም ታኅሣሥ 28 ዋለ። ቀጣዩ 2020 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ስለሆነ ልደትም በሉቃስ 28 የሚውል ይመስለዋል። ጳጉሜን ግን የዓመቱ መጨረሻ ናት፤ የሉቃስ ታኅሣሥ ቀድሟት አልፏል። ውጤቱ የሚታየው በሚከተለው ታኅሣሥ፣ ዮሐንስ ከገባ በኋላ ነው።

ጥምቀት ከብሥራት ተቆጥሮ የሚገኝ በዓል ስላልሆነ ጳጉሜን አትነካውም። ስለዚህ በሦስቱ ዓመታት ከልደት እስከ ጥምቀት 12 ቀን ሲሆን በዮሐንስ 13 ይሆናል። በፈረንጆቹ ካሌንደር ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ልደት በዚህ ዘመን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ጸንቶ ይቆይና ጥምቀት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 የሚሸጋገረው በዮሐንስ ነው።

ዜና መዋዕል፦

መጥቅዕ ያስቀመጠው ስሌት ትክክል ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ፤ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በቅድሚያ፣ ታኅሣሥ 29 እና ዲሴምበር 25 በአመጣጣቸው አንድ ቀን ናቸው። በዩልዮስ አቆጣጠር (ከዛሬው የፈረንጆች ካሌንደር በፊት በነበረው አሮጌው የሮም አቆጣጠር) መስከረም 1 የሚውለው ኦገስት 29 ነው። ከዚያ 118 ቀን ወደ ፊት ብትቆጥሪ በአንዱ ታኅሣሥ 29፣ በሌላው ዲሴምበር 25 ላይ ትደርሻለሽ። መጋቢት 29ም ማርች 25 ነው፤ ከማርች 25 እስከ ዲሴምበር 25 ያው 275 ቀን አለ። የታኅሣሥ 28 ምክንያትም በዚህ በኩል ይታያል። እኛ ተጨማሪዋን ቀን ጳጉሜን ላይ ስናስገባ የዩልዮስ አቆጣጠር ስድስት ወር ያህል ዘግይቶ ፌብሩዋሪ ላይ ያስገባታል። በመካከሉ ሁለቱ በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ታኅሣሥ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። መጋቢት 29 ሲደርስ ግን ተመልሰው ገጥመዋል፤ ብሥራት የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው።

ዛሬ በዲሴምበር 25 እና በጃንዋሪ 7 መካከል ያለው የ13 ቀን ልዩነት ከበዓሉ አመጣጥ ጋር አይገናኝም። በ1582 የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ካሌንደሩን ሲያርሙ ከኦክቶበር 4 በቀጥታ ወደ 15 ተዘለለ፤ 10 ቀን ወጣ። በአዲሱ ደንብ 1700፣ 1800 እና 1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበራቸው 3 ተጨመረ። 2000 ለ400 ስለሚካፈል ምንም አልለወጠም። 2100 ግን ይለውጣል፤ በ2093 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 የሚውለው ጃንዋሪ 8 ቀን 2101 ነው። የቀን መለወጫ ፕሮግራም የምትሠሩ ሰዎች ልደትን ጃንዋሪ 7 ብላችሁ አትቸንክሩት።

አሁን ወደ ፀሐይ አምላክ። ልደት ዲሴምበር 25 መሆኑን በግልጽ የያዘው ቀዳሚው የሮም ሰነድ በ354 የተጠናቀረ የቀን መቁጠሪያ ስብስብ ነው። የሰማዕታት መታሰቢያ ዝርዝሩ የሚከፈተው በዚሁ ቀን፣ ክርስቶስ በይሁዳ ቤተ ልሔም እንደተወለደ በመግለጽ ነው፤ ዝርዝሩ እስከ 336 እንደሚመለስ ሊቃውንት ይቀበላሉ። በዚያው ስብስብ ሌላ ክፍል ደግሞ በዲሴምበር 25 “የማይሸነፈው” የተባለው (የፀሐይ አምላክ) ልደት በ30 የሠረገላ ውድድር እንደሚከበር ተጽፏል። ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን የፀሐይን ቤተ መቅደስ በ274 መርቋል፤ በዓሉ ዲሴምበር 25 እንደሚውል የሚናገር ቀዳሚ ጽሑፍ ስንፈልግ ግን እጃችን ላይ ያለው ይኸው የ354ቱ ነው። ስለዚህ ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ከሰነዱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ሆን ብላ ቀኑን ከአረማውያን ወሰደች የሚለው አባባል የተገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በሶርያዊው ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ ጽሑፍ ላይ በተጨመረ የኅዳግ ማስታወሻ ነው፤ ከነገሩ 800 ዓመት ያህል ዘግይቶ ማለት ነው።

ሳቱርናልያ የሚባለውን ሌላ የሮማውያን በዓልም የሚጠቅሱ አሉ። እሱ የሚከበረው ከዲሴምበር 17 እስከ 23 ስለነበር 25 ሳይደርስ ያልቃል፤ ከዚህ ክርክር ቢወጣ ይሻላል። ክብደት ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ሮማውያን ሌሊቱ ረዝሞ ቀን መጨመር የሚጀምርበትን ዕለት በልማድ ዲሴምበር 25 ያደርጉት ነበር። ክርስቶስን “የጽድቅ ፀሐይ” ብለው ለሚጠሩ ክርስቲያኖች (ሚልክያስ 4፥2) ቀኑ ትርጉም እንደነበረው አያጠራጥርም። በዓሉ ከዚህ ምሳሌ ኃይል ማግኘቱና ከጣዖት በዓል መቀዳቱ ግን ተለይተው ሊታዩ ይገባል።

መጥቅዕ፦

ዜና መዋዕል የጀመረውን ልቀጥል፤ ለእኔ ይበልጥ አሳማኝ የሆነው መንገድ በስሌት የሚመጣው ነው። የሰሜን አፍሪካው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ በ200 አካባቢ ስቅለትን ማርች 25 ላይ ያስቀምጣል። አውግስጢኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጌታ የተፀነሰው በተሰቀለበት ዕለት፣ በማርች 25 እንደሆነ ይታመናል ካለ በኋላ ልደቱን ዲሴምበር 25 ያደርጋል። በታናሿ እስያ ፋሲካውን (የስቅለቱን ዕለት) ኤፕሪል 6 ያደረጉም ነበሩ፤ ዘጠኝ ወር ሲታከልበት ጃንዋሪ 6 ይመጣል። ሁለቱም ታላላቅ ቀኖች በአንድ ዘዴ መገኘታቸውን ፈረንሳዊው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሉዊ ዱሼን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አመልክቷል። ድክመቱን አልደብቅም፦ ከአውግስጢኖስ በፊት ስሌቱን እስከ ልደት ድረስ በግልጽ የሚያስኬድ፣ ክርክር የሌለበት ጽሑፍ የለም።

እኛ ጋ ያለው ትውፊት ግን አንድ ልዩነት አለው፤ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። በእኛ ጥንተ ስቅለት (ስቅለት መጀመሪያ የተፈጸመበት ዕለት) መጋቢት 27፣ ጥንተ ትንሣኤ መጋቢት 29 ነው። ስለዚህ ሮማውያኑ ፅንሰትን ከስቅለት ጋር ሲያገጥሙ የእኛ ሊቃውንት ከትንሣኤ ጋር ያገጥሙታል። ማርች 25 ግን የሁለቱም ምሰሶ ነው።

ወደ ግብፅ ስንመጣ ታሪኩ ይበልጥ ይቀርበናል፤ የእስክንድርያ ወሮች ከእኛዎቹ ጋር አንድ ናቸውና። ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ በ200 አካባቢ ልደትን አንዳንዶች ግንቦት 25፣ ሌሎች ሚያዝያ 24 ወይም 25 እንደሚሉት ይጽፋል፤ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው የባሲሊደስ ተከታዮች ደግሞ የጌታን ጥምቀት ጥር 15 ወይም ጥር 11 ያከብሩ ነበር። ጥር 11 ያኔውኑ አለ፤ ታኅሣሥ 29 ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ400 አካባቢም በግብፅ ገዳማት የነበረው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ግብፃውያን ልደትንና ጥምቀትን በአንድ ቀን እንደሚያከብሩ ይናገራል። በ432 ግን የኤሜሳ (በሶርያ) ጳጳስ ጳውሎስ በእስክንድርያ፣ በከተማዋ ሊቀ ጳጳስ በቅዱስ ቄርሎስ ፊት ታኅሣሥ 29 ቀን የልደትን ስብከት አሰምቷል። ታኅሣሥ 29 ወደ እስክንድርያ የገባው በእነዚህ ሁለት ምስክሮች መካከል ነው ማለት ነው።

ሰላማዊት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ቀሩኝ። ዘካርያስ በቤተ መቅደስ ሲያጥን ከነበረበት ወር ተነሥተው ቀኑን የሚያሰሉ አሉ፤ ያስኬዳል? አርመኖችስ ለምን ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ?

ዜና መዋዕል፦

የዘካርያስን ስሌት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ዲሴምበር 25 ላይ ሲሰብክ ተጠቅሞበታል፤ ስብከቱ በ386 እንደተሰጠ ይታመናል። በዓሉ በከተማዋ ከታወቀ ገና 10 ዓመት እንዳልሞላው እዚያው ይናገራል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ዘካርያስ በማስተሥረያ ቀን፣ በሴፕቴምበር ግድም ገባ፤ ኤልሳቤጥ ፀነሰች፤ በስድስተኛው ወር መልአኩ ወደ ማርያም መጣ (ሉቃስ 1፥26)፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ዲሴምበር ያደርሳል። በእኛም የዮሐንስ መጥምቅ ፅንሰት መስከረም 26 ነው፤ እስከ መጋቢት 29 ስድስት ወር ከሦስት ቀን አለው።

የሚሰናከለው መነሻው ላይ ነው። ሉቃስ ዘካርያስን ከአብያ ክፍል የሆነ፣ ለማጠን ዕጣ የደረሰው ካህን ይለዋል (1፥5-9)፤ ሊቀ ካህናት አይለውም፤ በማስተሥረያ ቀን ወደ ውስጠኛው መቅደስ የሚገባው ግን ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነው። የካህናቱ ክፍል 24 ስለነበር እያንዳንዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለሳምንት ያገለግላል። ስለዚህ የአብያ ተራ ሴፕቴምበር ላይ መዋሉን ከወንጌሉ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ስሌቱ ቀኑ ከታወቀ በኋላ እንደ ማጽኛ መጣ ብዬ አምናለሁ።

አርመኖች የያዙት ግብፅም ኢየሩሳሌምም በፊት የነበራቸውን፣ ልደትና ጥምቀት አንድ ላይ የሚከበርበትን ሥርዓት ነው። ኢየሩሳሌም ራሷ እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን በዚያው ነበረች። በኢየሩሳሌም ያሉ አርመኖች የዩልዮስን አቆጣጠር ስለሚከተሉ የእነሱ ጃንዋሪ 6 በዛሬው ካሌንደር ጃንዋሪ 19 ላይ፣ በእኛ ጥር 11 (በዘመነ ዮሐንስ ጥር 10) ይውላል።