ለሬዲዮ የምናስገባው ሐሳብ፦ እስከ እሑድ አስተያየታችሁን ጻፉ

ጸሐፊዋ፦ እህቶች፣ ረቂቁን ለጥፌያለሁ። መግቢያው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ይጀምራል፤ ሴቶች በልማት ፖሊሲና ፕሮጀክት ዝግጅት ላይ ሐሳባችንን የመስጠት መብት አለን የሚለው። ከዚያ በሳምንት አንድ ሰዓት «የሴቶች ፕሮግራም» እንጠይቃለን። ምን ትላላችሁ?

ከሰኞ ገበያ፦ መግቢያው ቆንጆ ነው። ጥያቄው ግን አልተዋጠልኝም። አንድ ሰዓት ሰጥተው የቀረውን ሳምንት ሊዘጉብን ነው። ባለፈው ጋዜጠኞቹ የሽንኩርት ዋጋ ሊጠይቁ መጡ። ጆንያችን ላይ የተቀመጥነውን ሻጮች አልፈው ዳር የቆሙ ሦስት ወንዶችን አናገሩ። አንደኛው እንኳን ነጋዴ፣ ደላላም አይደል፤ ባጃጅ የሚጠብቅ መንገደኛ ነው! ሽንኩርቱ የኔ፣ ኪሳራው የኔ፣ ወሬው የሱ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መጡ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አንቺ እዚህ ስትውይ ቤት ማን ያበስላል?»

ሰብሳቢዋ፦ ሳቄም መጣ፣ አንጀቴም አረረ። ይሄ ረቂቁ ውስጥ ይግባ። የጣቢያው ስም ግን አይጠራ።

ሒሳብ ያዥዋ፦ እሱ ብቻውን አይበቃም፤ «አንዴ የገጠመ ነው» ይሉናል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በየ5 ዓመቱ በብዙ አገሮች የሚካሄድ የዜና ቆጠራ አለ። ያኔ በዜና ከሚሰሙና ከሚታዩ ሰዎች ሴቶቹ 17 በመቶ ነበሩ። በ2020፣ 25 በመቶ። በሩብ ምዕተ ዓመት 8 ብቻ! አሠራሩ ከባድ አይደለም። ማን ተናገረ፣ ምን ተብሎ ተጠራ፣ «ባለሙያ» ወይስ «እናት»? እሱን መጻፍ ነው። እኛም የደሴን ዜና አንድ ሳምንት እንቁጠር። ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል፤ በጀት እንዳትጠይቁኝ።

ከኮምቦልቻ፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አትርሱ። በ2009 ዓ.ም. ነው የተመረቀው፤ ስፌት ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ካሜራ ሲመጣ የሚናገረው ኃላፊው ነው። ልጆቹ በስማቸው ከተናገሩ ለእንጀራቸው ይፈራሉ። «ስም ሳይጠራ መናገር ይቻል» የሚል ይጨመር። ደግሞ ፈረቃ ላይ ያለችን ልጅ «ቀን 8 ሰዓት ስቱዲዮ ነይ» ማለት አትምጪ ማለት ነው። በስልክ ትግባ።

አዋላጇ፦ «ባለሙያ ሴት አጣን» እንዳይሉ የስልክ ዝርዝር እናያይዝ። የሕግ ባለሙያ፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ አለችን። ፈቃደኛ የሆነችውን ብቻ። ደግሞ ስለ ወሊድ ብቻ አትጥሩን፤ ስለ ውሃም ስለ ግብርም እናወራለን።

እትዬ፦ የኔ ልጆች፣ ቡና ላይ ማን ይችለናል? ማይክ ሲቀርብ ነው አንደበታችን የሚታሰረው። እኔ ቤት ቡና ይፈላ፣ በሞባይል እየተቀዳን እንለማመድ።

ጸሐፊዋ፦ እሺ። «የሴቶች ፕሮግራም» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። «በመደበኛው ዜና ውስጥ እንሰማ» ብዬ ተካሁት፤ ቆጠራው፣ ዝርዝሩና የስልኩ ነገር ተከትለው ይገባሉ። ልምምዱ እትዬ ቤት፣ ቅዳሜ ከሰዓት። አሁን የጠዋቱን ዜና ለመቁጠር ቀን ያዙ።

ሰብሳቢዋ፦ ማክሰኞና ሐሙስ የኔ።

ከሰኞ ገበያ፦ እኔ ረቡዕ። ሰኞን እንዳትሰጡኝ፣ ገበያ ነው።