ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ቆማችሁ ለምትሰሩ፦ የኢንሶል (ጫማ ውስጥ የሚገባ መደገፊያ ሶል)፣ የጫማና የእግር ሐኪም ጥቆማ

ተረከዜን እያመመኝ ነው ምን ልግዛ፣ የቱ ሐኪም ጋር ልሂድ ብላችሁ ለጠየቃችሁ በየተራ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። እኔም ሆስፒታል ነው የምሰራው፣ ሙሉ ሺፍት በእግር ነው። ፓርኪንግ፣ ሆቴል፣ ዱለስ ኤርፖርት፣ ሬስቶራንት የምትሰሩ ሁሉ ሲሚንቶ ላይ ስትቆሙ ስለምትውሉ ነገሩ የጋራችን ነው።

ቀድሜ የምለው፣ ስኳር ከሌለባችሁ በቀጥታ ወደ 500 ዶላር ኦርቶቲክስ (በእግራችሁ ልክ የሚሰራ ኢንሶል) አትሩጡ። መጀመሪያ ደህና ጫማ፣ ከ40 እስከ 60 ዶላር የሚሸጥ ጠንካራ ኢንሶልና በየቀኑ የማይዘለል ስትሬች፣ ይሄን ስድስት ስምንት ሳምንት ያዙት። ካልተሻላችሁ ፖዲያትሪስት (የእግር ሐኪም) ጋር ሂዱ፣ በልክ የሚሰራው ከዛ በኋላ ይመጣል። ይሄን ከኪሴ አይደለም የማወራው፣ በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ 135 የተረከዝ ህመምተኞችን በሦስት ቡድን ከፍለው አስመሳይ ኢንሶል (እግር የማይደግፍ፣ ለማወዳደሪያ ብቻ)፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥና በልክ የተሰራ ሰጥተው አይተዋል። ሦስት ወር ላይ ሁለቱ ኢንሶሎች ከአስመሳዩ ትንሽ ተሽለው ተገኙ፣ እርስ በርስ ግን የሚያጣላ ልዩነት አልነበራቸውም፣ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ሦስቱም ቡድን ተቀራረበ።

ለምን ያማል ለሚለው፣ ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ስር የሚሄድ ጠንካራ ጅማት አለ፣ ፕላንታር ፋሺያ ይሉታል። አሁን ቆማችሁ ሞክሩት፣ አንድ ሰው አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ያንሳላችሁና የእግራችሁን ቅስት እዩት፣ ከፍ ይላል። ጅማቱ በአውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ላይ ሲጠመዘዝ ተረከዝንና ጣትን ስለሚያቀራርብ ነው፣ በየእርምጃው ይሄ ነገር አለ። ባታችሁ የተኮማተረ ከሆነ፣ ክብደት ከጨመራችሁ ወይ ሥራ ቀይራችሁ ድንገት ብዙ መቆም ከጀመራችሁ ጅማቱ ተረከዝ ጋ የሚያያዝበት ቦታ ይጎዳል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ የሚብሰውም ሌሊቱን አጥሮ አድሮ ድንገት ስለሚወጠር ነው። ኤክስሬይ ተነስቼ ተረከዝሽ ላይ አጥንት በቅሎብሻል ተባልኩ ብላ የጻፈችው እህቴ አትደንግጪ፣ ያ አጥንት ምንም የማያማቸው ሰዎች ላይም ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ የህመሙ ምክንያት እሱ አይደለም። እግሬ ጠፍጣፋ ነው ላልከውም ወንድሜ፣ ካላመመህ ጠፍጣፋ መሆኑ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ስትሬቹ እንዲህ ነው። ጠዋት እግራችሁ መሬት ሳይነካ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ በሉና የሚያመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርጋችሁ ጣቶቹን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፣ በሌላው እጃችሁ ውስጥ እግሩን ስትዳስሱ ጅማቱ ተወጥሮ ካገኛችሁት ልክ ናችሁ። 10 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ትንሽ ሻል ሲላችሁ ደግሞ ደረጃ ላይ በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ ጣቶቹ ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጋችሁ፣ በሦስት ሰከንድ ወደ ላይ ሁለት ሰከንድ ቆም በሦስት ሰከንድ ወደ ታች፣ ቀን በቀን ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለላችሁ። ይሄ ጉልበት ስለሚፈልግ ሰው ይተወዋል፣ እኔ ግን ከምትገዙት ዕቃ ሁሉ በላይ እሱን ነው የማምነው።

ወደ ኢንሶሎቹ ስንመጣ፣ ሱፐርፊት ጠንካራ ነው፣ ተረከዙን ጥልቅ አድርጎ ይይዛል፣ ቅስቱ ከፍ ያለ እግርና ሰፊ የሥራ ጫማ ላለው እሱን እላለሁ። ፓወርስቴፕ ፒናክል ላዩ ለስለስ ይላል ስሩ ግን ደህና ይደግፋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክርና መካከለኛ ቅስት ላለው ሰው የሚቀለው እሱ ነው። ፋርማሲ የሚሸጠው ለስላሳው ጄል ስትረግጡት ደስ ይላል፣ ግን እግሩን አይደግፍም፣ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ገንዘብ አታውጡበት። የትም ግዙ ብቻ መመለስ የሚቻልበት ይሁን። ዲሲ ኖማ ሰፈር ያለው አርኢአይ የሚባለው ሱቅ ሱፐርፊት አለው፣ አባል ከሆናችሁ እስከ ዓመት፣ ካልሆናችሁ እስከ 90 ቀን ይመልስላችኋል። ስታስገቡት የጫማውን የራሱን ኢንሶል አውጡ፣ ተደራርቦ ከገባ ተረከዛችሁ ከጫማው ይወጣል። መጀመሪያ ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ አድርጋችሁ በየቀኑ ጨምሩ፣ በአንዴ 12 ሰዓት ሺፍት ይዛችሁት አትግቡ።

ጫማ ካልተስተካከለ ግን ኢንሶሉ ዋጋ የለውም። ሱቅ ውስጥ ጫማውን አንሱና የተረከዙን ጀርባ በአውራ ጣት ጫን አድርጉ፣ ከታጠፈ መልሱት። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ እጠፉት፣ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ጋ ነው፣ መሃሉ ላይ ከታጠፈ አይሆንም። ከዛ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዙት፣ በቀላሉ ከተጠመዘዘላችሁ አትግዙ። በመጨረሻ ኢንሶሉን አውጥታችሁ መሬት አስቀምጡና ቁሙበት፣ እግራችሁ በጎን ከፈሰሰ ጫማው ይጠባችኋል። ለሰፊ እግር ኒው ባላንስ በሁለት ኢ እና በአራት ኢ ስፋት ይሰራል። የማያንሸራትት ለሚፈልግ ሆካ ቦንዲ ኤስአር፣ ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ብሩክስ አዲክሽን ዎከር አለ። ግዢውን ከሥራ በኋላ እግራችሁ አበጥ ሲል አድርጉት።

ሳህን የመሰለ ማሽን ላይ አቁመው፣ ቀይና ቢጫ ስዕል አሳይተው፣ ከሺህ ዶላር በላይ ዋጋ የሚነግሯችሁ ሱቆች ላይ ተጠንቀቁ። ስዕሉ ቆማችሁ ጫናው የት እንዳረፈ ያሳያል እንጂ ለምን እንደሚያማችሁ አይናገርም። እዛው ቀን ፈርሙ ከተባላችሁ ውጡ።

ፖዲያትሪስት ስትመርጡ ደህናው በምን ይታወቃል ላላችሁት፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ኮሪደር ላይ ሲያስኬዳችሁ፣ ጉልበታችሁን ዘርግቶና አጥፎ ቁርጭምጭሚታችሁ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ሲለካ፣ ያመጣችሁትን የሥራ ጫማ ሶል አገላብጦ ሲያይ ነው። ለኢንሶሉ ልክ ሲወስድም ብዙዎቹ ጎበዞች ቆማችሁ ሳይሆን ተኝታችሁ እግሩን ይዘው አስተካክለው ነው በጀሶ ወይ በስካነር የሚወስዱት። በልክ የሚሰራው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 800 ዶላር ይደርሳል። ከመስማማታችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ ኮድ ኤል 3000 (በልክ የሚሰራ ኢንሶል የሚጠየቅበት) ትከፍላላችሁ ወይ በሏቸው፣ ኮዱ ለአንድ እግር ስለሆነ ዋጋው ለአንዱ ነው ወይስ ለሁለቱ የሚለውንም አጣሩ። ካልከፈሉ ኤችኤስኤ ወይ ኤፍኤስኤ (ታክስ ሳይከፈልበት ለህክምና የሚቀመጥ) ብር ካላችሁ መጠቀም ይቻላል። በልክ ማሰራት የምለው እግሩ ግልጽ የቅርጽ ለውጥ ላለው፣ ሪህ መገጣጠሚያውን ላበላሸበት፣ ወይ ከላይ ያልኩትን ሁሉ በደንብ አድርጎ ላልተሻለው ነው።

ስኳር ያለባችሁ ግን ይሄን ሁሉ እርሱትና በቀጥታ ሐኪም ጋር ሂዱ፣ በተለይ እግራችሁ ከደነዘዘ። ጠንካራ ኢንሶል ሲልጣችሁ አይሰማችሁም፣ ቁስሉን የምታዩት ካልሲ ላይ ደም ሲገኝ ነው። ሜዲኬር ፓርት ቢ (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) ያላቸው እናትና አባቶች የእግር መበላሸት፣ የቁስል ታሪክ ወይ የደም ዝውውር ችግር የመሳሰለ ካለባቸው በዓመት አንድ ጥንድ ጥልቅ ጫማና ሦስት ጥንድ ኢንሶል ይፈቀድላቸዋል፣ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪስ የሚከፈለው) ከተሟላ 80 በመቶውን ይከፍላል። የስኳር ክትትላቸውን የሚያደርገው ሐኪም መፈረም አለበት፣ ብዙ ሰው ጋ ወረቀቱ የሚንገላታው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀጠሮ ስትይዙላቸው ቀድማችሁ ንገሩት።

አገር ቤት ላለች ስኳር ላለባት እናቴ ኢንሶል ልላክ ወይ ላላችሁት፣ እግሯ ሳይታይ አትላኩ። መጀመሪያ ክትትል የምታደርግበት ቦታ እግሯ ይሰማት እንደሆነ ይፈትሹላት። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ለስጋ ደዌ ታካሚዎች መከላከያ ጫማ ሲሰራ የኖረ ቦታ ነው፣ ለደነዘዘ እግር ጫማ ምን መምሰል እንዳለበት ያውቃሉ፣ ሐኪሟ ሪፈር ሊጽፍላት ይችል እንደሆነ ጠይቁ።

የእህቴ ልጅ ሁለት እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ተወለደ ያልሽው እህቴ፣ ለሱ ኢንሶልም ልዩ ጫማም ከዚህ አትላኪ። የፖንሴቲ ህክምና ነው የሚያስፈልገው፣ አዲስ አበባ ኪዩር ሆስፒታል ይሰራል። በየሳምንቱ ጀሶ እየቀየሩ እግሩን ቀስ በቀስ ያቃናሉ፣ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ጀሶ ነው፣ ከዛ ብዙዎቹ ላይ የተረከዙን ጅማት በትንሹ ይቆርጡታል። ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ ሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ ማታ ማታ እስከ አራት አምስት ዓመቱ። እግሩ ቀንቷል ብለው ጫማውን ሲያወልቁለት ነው ተመልሶ የሚዞረው፣ ይሄን ለእህትሽ ደጋግመሽ ንገሪያት። መላክ ከፈለግሽ ለትራንስፖርት ብር ላኪላት፣ ጀሶው በየሳምንቱ ስለሆነ መመላለሱ ነው የሚከብዳት።