የአባቴ ውል «በተቋራጩ ጥፋት» ተቋረጠ፤ ምን እናድርግ?

ብሌን_የግንበኛው_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። አባቴ አነስተኛ ተቋራጭ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ ባለበት ፕሮጀክት አንድ ወረዳ ላይ ጤና ጣቢያ ለመሥራት በ18 ሚሊዮን ብር ተፈራረመ፣ 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ወስዶ ጀመረ። አሁን ሥራው 55 በመቶ ገደማ ደርሷል። ኮለኑ (ምሰሶው) ቆሟል፣ ቶፕ ታይ ቢሙ (ከላይ የሚያስረው ኮንክሪት) ተሞልቷል፣ ብሎኬቱ ግማሽ ነው። ተለክቶ የክፍያ ሰርተፊኬት የወጣለት ግን እስከ 40 በመቶ ያለው ብቻ ነው። የመጨረሻውን ሰርተፊኬት ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ ከፈረመ አራት ወር አለፈው፤ «ገንዘቡ አልተለቀቀም» እየተባለ ዛሬም አልተከፈለም። አባቴ እጁ ሲያጥርበት ሠራተኛውን ሸኝቶ ሥራ አቆመ። በአምስት ሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ውሉ በተቋራጩ ጥፋት ተቋርጧል፣ ለሥራው ያስያዘው ዋስትናም ይወረሳል ይላል። ሳይቱ በር ላይ ጥበቃ አቁመዋል። አባቴ «ለኃላፊው በስልክ ነግሬዋለሁ፣ ሁሉንም ያውቃል» ከማለት ሌላ የጻፈው ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል። ያለው የራሱ ደብተር ነው። ፍርድ ቤት እንሂድ ወይስ እንለምናቸው?

ሳይት_ለሳይት
እህቴ፣ ፍርድ ቤቱም ልመናውም ይቆይ። መጀመሪያ ልኬት! ዛሬውኑ ለአሠሪው መሥሪያ ቤትም ለአማካሪውም «በጋራ ሥራውን እንለካ» የሚል ደብዳቤ ጻፉና መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ይኑርበት። እንቢ ካሉ እንቢ ማለታቸው ራሱ ማስረጃ ነው።

ለምን መሰለሽ? ቅድመ ክፍያው 5.4 ሚሊዮን ነው። እስከ 40 በመቶ ካለው ሥራ ላይ በ30 በመቶ ሒሳብ 2.16 ሚሊዮን ተቀንሷል፣ 3.24 ሚሊዮን ይቀራል። ያንን ነው መልስ የሚሉት። ያልተለካው 15 በመቶ ደግሞ ብቻውን 2.7 ሚሊዮን ብር ነው። ሌላ ተቋራጭ ገብቶ በላዩ ልስን ከለሰነበት በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ ማን ይለያል? እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኜ የመሠረት ሥራዬን አፈር ውስጥ ቀብሬ ቀርቻለሁ።

ቢቶኒየራውስ (የኮንክሪት ማቡኪያው)፣ ካሳፎርማውስ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጹ)፣ የተረፈው ፌሮስ የት ነው? ውላችሁ የዓለም ባንክ የአነስተኛ ሥራዎች ሰነድ ከሆነ፣ ውሉ በተቋራጭ ጥፋት ሲቋረጥ ሳይት ላይ ያለ ዕቃና መሣሪያ የአሠሪው ይሆናል የሚል አንቀጽ አለው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ለጌጥ አይደለም።

የአሠሪ_ወገን
ሁላችሁም ተቋራጭ ስለሆናችሁ ነው እንጂ ይህ ነገር ሁለት መልክ አለው። እኔ አሠሪ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ ሌላ ሳይት ላይ የሚያፈስ፣ ወይ ሚኒባስ የሚገዛበት ተቋራጭ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠየቁት «5.4 ሚሊዮኑ የት ገባ?» የሚለውን ነው። የፌሮና የሲሚንቶ ደረሰኝ ሰብስቡ። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ፌሮ ተወደደብን የሚለውን ሁሉም ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን የገዛችሁበት ወረቀት ከሌለ ወሬ ነው።

ሌላው፣ 28 ቀን ያለፈቃድ ሥራ ማቆም በዚያ ሰነድ መሠረታዊ የውል ጥሰት ነው። አምስት ሳምንት 35 ቀን ነው። ይህን ክዳችሁ አትከራከሩ፣ ያስንቃችኋል።

ሕግ_አንባቢው
ልጄ፣ የላይኛው ሰውዬ ያለው ልክ ነው፣ ግማሹን ነው የተናገረው እንጂ። ያው ሰነድ ለተቋራጩም አንቀጽ አለው። የተረጋገጠ ክፍያ ሰርተፊኬቱ በወጣ በ28 ቀን መከፈል አለበት፤ ከዘገየ ወለድ አለው፤ 84 ቀን ከሞላው ደግሞ መሠረታዊ ጥሰቱ የአሠሪው ነው። አባትሽ የተሳሳቱት ማቆማቸው ላይ ሳይሆን ዝም ብለው ማቆማቸው ላይ ነው። 84ኛው ቀን ሲያልፍ «ውሉን የጣሳችሁት እናንተ ናችሁ» ብለው መጻፍ ነበረባቸው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ደግሞ ተጠንቀቁት። ቁጥር 3177 ከመንግሥት ጋር የተዋዋለ ሰው፣ መንግሥት ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ሥራውን ማቆም አይችልም ይላል፤ ያ ጉድለት ሥራውን መፈጸም የማይቻል ካላደረገው በቀር። ስለዚህ «አልከፈሉኝም፣ አቆምኩ» ብቻ አይበቃም። «ባለመክፈላቸው መሥራት አልቻልኩም» ነው መባል ያለበት፣ በባንክ ስቴትመንት ተደግፎ።

የግልግል ዳኝነትን አሁን እርሱት፤ የአስተዳደር ውል፣ ማለትም ከመንግሥት ጋር የተደረገ ውል፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ለግልግል አይቀርብም። ውላችሁ ውስጥ አጁዲኬተር የተባለ ገለልተኛ ሰው ግን ይኖራል። ውሉን ለአሠሪው የሚያስተዳድረው የፕሮጀክት ማናጀር ውሳኔ ከተነገራችሁ በ14 ቀን ውስጥ ነው ወደሱ የሚኬደው። ደብዳቤው ውሳኔ ነው አይደለም እያላችሁ ቀኑን አታሳልፉት፣ አስቀድማችሁ አስገቡ። ዋስትናው የባንክ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ሊከፈል ስለሚችል ዛሬ ዋስትናውን የሰጠውን ባንክ ጠይቁ። እስቲ ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን ቀን ንገሪኝ።

ብሌን_የግንበኛው_ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ሌሊቱን ከአባቴ ጋር ወረቀት ስናገላብጥ አደርን። ሰርተፊኬቱ የተፈረመው ጥቅምት 4 ነው። 84 ቀን ስቆጥር ታኅሣሥ 28 ላይ ይሞላል። የአባቴ ደብተር፣ ያ ጥጉ ሲሚንቶ የደረቀበት ሰማያዊ ደብተር፣ «ጥር 3፣ 11 ሠራተኛ ሸኘሁ፣ ግማሽ ደመወዝ ብድር ቀረ» ይላል። ማለትም ሲያቆም የእነሱ 84 ቀን አልፎ ነበር፣ አይደል? ውሉ ተቋረጠ የሚለው ደብዳቤ የካቲት 8 ነው።

ሕግ_አንባቢው
አዎ። ውሉን በመጣስ በአምስት ቀን ቀድመዋችኋል። ደብተሩ የራሳቸው ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ የዚያን ቀን ሳይት ቡክ (የሳይቱ የዕለት መዝገብ) ላይ ተቆጣጣሪው የፈረመበት ገጽ ካለ ፎቶ አንሱት። አባትሽን ስልክ መደወል ይተዉ በያቸው።

ብሌን_የግንበኛው_ልጅ
ሳይት ቡኩ ሳይቱ ላይ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነው ያለው። የልኬቱን ደብዳቤ ጠዋት ገቢ አስደረግን፣ ነገ 3 ሰዓት ኑ ብለዋል። አባቴ ሜትሩን ከአሁኑ ኪሱ ከቶታል። እኔ ካሜራ ይዤ አብሬው እገባለሁ።