ለማድያት ሌዘር ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ሁለቱም ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣ፣ ከወለድኩም በኋላ አልጠፋም። ሰፈራችን ያለ የውበት ሳሎን «በሌዘር ሙልጭ አድርገን እናጠፋልሻለን፣ ሙሉውን አሁን ከከፈልሽ ቅናሽ አለው» አሉኝ። ጠይም ነኝ። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ገንዘቡም ቀላል አይደለም።

ባለፂሙ፦ እኔን ጠቅሞኛል። በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ በብጉር ይሞላ ነበር። ፀጉሩ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ስለሚበቅል ነው አሉኝ። በሌዘር ፀጉሩ ሲሳሳ ብጉሩም ቀረ። አይዞሽ፣ ጀምሪው።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ ወንድሜ፣ ያንተና የሷ አንድ አይደለም። አንተ ላይ ሌዘሩ የመታው የፀጉሩን ሥር ነው። ማድያት ግን የቆዳው ቀለም ራሱ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ይቀሰቅሰዋል። በሌዘር ለጊዜው ፈክቶ፣ ቆይቶ ከበፊቱ ጠቁሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ በተለይ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ። «ሙልጭ አድርገን» ያለሽን ሰው አትመኚው። እህቴ፣ ብርሽን ያዢና መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይሽ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል አለልሽ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በሚቀባ መድኃኒትና በሰንስክሪን፣ ማለትም በፀሐይ መከላከያ ቅባት ነው። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነም ንገሪያቸው፣ ማድያት ሊያባብስ ይችላል።

ከዱባይ፦ ሌዘር የግድ ከሆነ ማሽኑ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ለጠቆር ያለ ቆዳ ፀጉር ለማንሳት የሚሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር፣ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። እኔን ፀጉር ለማንሳት በአይፒኤል፣ በኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ ሠርተውኝ እግሬ ላይ የመስኮት ቅርጽ ያለው ጥቁር ምልክት ተሰልፎ ቀርቶ ነበር። አይፒኤል እኮ ጭራሽ ሌዘር አይደለም! ቀድመው ትንሽ ቦታ ላይ ሳይሞክሩ ፊትሽን አታስነኪ።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ልጄ ገና ትጠባለች፣ ችግር አለው? ጓደኛዬ ደግሞ የሚያቀላ ክሬም ሰጥታኛለች፣ ስሙ ተልጧል።

የቆዳ ክፍል ነርስ፦ ክሬሙን ጣይው። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ይገኛል፤ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያመጣል። ማጥባትሽን ለሐኪሙ ንገሪ፣ መድኃኒቱን በዚያ ይመርጥልሻል። እስከዚያ ኤስፒኤፉ (ፀሐይ የመከላከል አቅሙ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ተቀቢ። የቆዳ ቀለም ያለውን ብታገኚ ይሻላል፣ የሚታየውን ብርሃንም ይከላከላል። ደጅ ከዋልሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚው። እንጀራ ስትጋግሪ ደግሞ ፊትሽን ከምጣዱ አርቂ፣ ሙቀቱም አይወድልሽም።