ለግልገል ጊቤ የዓሣ ጀልባ የቱን ሞተር እንግዛ?

ሰላም ወገኖች፣ የሞተር ምርጫ ላይ ተቸግረናል፤ የምታውቁ እርዱን።

ጅማ አጠገብ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ቆሮሶ የምናሰግርበት የእንጨት ጀልባ 6 ሜትር ነው፤ ሦስት ሰውና መረብ ይጭናል። የድሮው 15 የፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ አንዱ ሲሊንደሩ ተፋፍቆ ኮምፕሬሽኑ ወርዷል። ፒስተንና ሪንግ ብቻ መቀየር አያዛልቅም።

ፎር ስትሮክ ነዳጁን ይቆጥባል፤ ዘይትም ከቤንዚን ጋር መቀላቀል የለም። ችግሩ ክብደቱ ነው፦ የድሮው 36 ኪሎ ገደማ ሲሆን ይሄኛው 50 ይደርሳል። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ጣውላ ደግሞ አርጅቷል፤ ቡሎኖቹ አካባቢ በካቻቢቴ ሲወጉት ይሰምጣል። ጣውላው መቀየሩ አይቀርም፤ ግን 14 ኪሎ ሲጨመርበት ጀልባው ወደ ኋላ ተቀምጦ ውኃ ያስገባ ይሆን?

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ግድቡ ከባሕር ወለል 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ይጠፋል፤ 15ቱ 13 አይሞላም። 15 ገዝቶ የፕሮፔለሩን (ጀልባውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ) ፒች፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄድበትን ርቀት፣ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች መቀነስ ይሻላል፣ ወይስ 20 መግዛት? በብዙ አምራቾች የሁለቱ ክብደት እኩል ነው። ፍጥነት አንፈልግም፤ ጭነት ይዞ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው አምራቹ የጻፈው የሞተር ዙር በደቂቃ ላይ ከደረሰ ይበቃናል።

የጣውላው ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አጭር ዘንግ (38 ሴንቲ ሜትር) ያለውን ሞተር መርጠናል።

ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የምትሠሩ፣ የውኃ ፓምፕ ኢምፔለር (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ውኃ የሚገፋው ጎማ) እና ፕሮፔለር ሳይቸግር የሚገኘው ለየትኛው ሞዴል ነው? ስትመልሱ የጀልባችሁን ርዝመትና የፕሮፔለሩን መጠን (ስፋትና ፒች) ጨምሩልን።